ከግንባር የተመለሰ ወንድም ደብተር ይዞ ሲመጣ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምጽፈው በየመስጂዳችን የኋላ ሶፍ ላይ ስለምናያቸው፣ ግን ብዙም ስለማናወራላቸው ሰዎች ነው። ትናንት ወታደር ነበሩ። ዛሬ ተማሪ ናቸው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ኢማማችንን በማግዝበት መስጂድ አንድ ወንድም ይሰግዳል። ስሙን አልጠራም፤ እሱም አይወድም። ዕድሜው ሠላሳን አልፏል። እግሩ ስለተጎዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚሰግደው። ቅዳሜና እሁድ አካውንቲንግ ይማራል። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ጠራኝና «ኡስታዝ፣ ትምህርቱን ላቋርጥ ነው» አለኝ። የክፍያው ነገር አንዱ ምክንያት ነበር። የባሰበት ግን ሌላ ነው። «ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ልጆቹ ‹ፋዘር› ይሉኛል። ወታደር እንደነበርኩ ሲሰሙ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሰው ገድዬ እንደሆነ ነው» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ስለ ጦርነት ትክክልነት ለመከራከር አይደለም። ነሐሴ 2013 ከባድ መሣሪያ ከተማችን ላይ ሲወድቅ ድምፁን ሁላችንም ሰምተናል። የጦርነትን ክፋት ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ጥያቄዬ ከዚያ ተርፎ ዕውቀት ፍለጋ የመጣውን ሰው እንዴት እንቀበለው የሚል ነው።

በሱረቱ ተውባ 122ኛው አንቀጽ ላይ አላህ አማኞች ሁሉም በአንድ ጊዜ ለዘመቻ እንዳይወጡ፣ ከየወገኑም ዲንን የሚማሩ እንዲኖሩ አስተምሮናል። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ እንዳብራሩት፣ ተቀምጠው የተማሩት ዘማቾቹ ሲመለሱ ያመለጣቸውን ያስተምሯቸዋል። እስቲ ይህን እናስተንትን። አንዱ ሲዘምት ሌላው የተማረው ለራሱ ብቻ አልነበረም። የተመላሹም ድርሻ ነበረበት። እሱ ቦይ ውስጥ ባደረባቸው ዓመታት እኛ ደብተር ይዘን ከነበረ፣ ዛሬ ያ ዕውቀት የእሱም ሐቅ አለበት።

ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምንም (ረ.ዐ) እናስታውስ። ዓይነ ስውር ነበሩ። ሊማሩ በመጡ ጊዜ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ንግግር ላይ ስለነበሩ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሱረቱ ዐበሰም ወረደ። ከዚያ ወዲያ ነብዩ ያከብሯቸው ነበር። ሙአዚን አደረጓቸው፤ ከመዲና ሲወጡም ከተማዋን አደራ ሰጥተዋቸዋል። አካሉ የጎደለ ሰው ዕውቀት ፈልጎ ሲመጣ ፊት ማዞር ቀላል ነገር አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

መንግሥታትም ይህን ጉዳይ ሞክረውታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 አሜሪካ ባወጣችው ሕግ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተመላሽ ወታደሮች ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ሕጉ የትምህርት ክፍያ ብቻ ሳይሆን የኑሮ ድጎማም ይሰጥ ነበር። በእኛ አገር ደርግ በ1983 ሲወድቅ 450 ሺህ ገደማ ወታደሮች ተበተኑ፤ የሚያቋቁማቸው ኮሚሽንም ተመሠረተ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም ዕቅድ ይዟል። ይህ ሁሉ የሚያስፈልግ ነው። ነገር ግን ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛ ኮሚሽን አይመድብለትም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

ልማዱ ደግሞ አዲስ አይደለም። እኔ ቂርአት የተማርኩት በየቤቱ በሚወጣ እንጀራ ነው። እናቶቻችን ደረሳውን «ከየት መጣህ? የማን ወገን ነህ?» ሳይሉ ያበሉት ነበር። ዕውቀት ፈላጊ መሆኑ ይበቃቸው ነበር። የመደበኛ ተማሪ ምግብና ማደሪያ ከዩኒቨርሲቲው ያገኛል፤ ወጪውንም ተመርቆ ነው የሚጋራው። የማታና የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ግን የትምህርቱንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ የምግቡንም ከኪሱ ይከፍላል። የዛሬው ደረሳ ይህ ወንድም ነው።

ስለዚህ ከወጣቶቻችን የምጠብቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ግንባር እሱ ካላነሳ አትጠይቁት። ካነሳ ደግሞ ሳታቋርጡ ስሙት።

ሁለተኛ፣ ኖትና ሃንድአውት አካፍሉት። ብዙ ዓመት ከትምህርት የራቀ ሰው ኮምፒውተርና ሒሳብ ይከብዱታል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትሰጡት ትልቅ ሶደቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤት የምታከራዩ ሰዎች፣ እግሩ ለተጎዳ ሰው ደረጃ የሌለበትን ክፍል አስቀድሙለት። የደብረ ታቦር ዳገትና ከጉና የሚወርደው ብርድ ለጤነኛ እግርም አይመች።

አራተኛ፣ ሰርግ ላይ ጥይት መተኮስ ይቅር። ለእናንተ ደስታ ነው፤ እሱን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳዋል።

አምስተኛ፣ ችግረኛ ከሆነ ዘካ ይገባው እንደሆነ ዑለማዎችን ጠይቁና በድብቅ ስጡት። ጁምዓ ቀን አስነስቶ «ለዚህ ጉዳተኛ እርዱ» ማለት ክብሩን ይሰብራል። ሙስሊም ላልሆነው ጓዱም ሶደቃችሁ አይከልከል። በአንድ ምሽግ ያደሩ ሰዎች ናቸው።

ያ ወንድም እስካሁን አላቋረጠም፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት የጀመዓችን ልጆች ከዒሻ በኋላ አብረውት ያነባሉ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያ ገና አልተሟላም፤ ከፊቱ ያለው መንገድም ረጅም ነው። በእናንተ ሰፈር፣ በእናንተ ክፍል ውስጥም እንደ እሱ ያለ አይጠፋም። ነገ ክፍል ስትገቡ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ብቻውን የተቀመጠ ካለ ሰላምታ ሰጥታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

አላህ ዕውቀትን ለፈላጊዎቹ ያግራላቸው፤ ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።