ሲቲኒ ወይስ ቲሲኒ?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ምንዛሪም ስለ ጉምሩክም አይደለም፤ ስለ ጆሮዬ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን በሂሳብ ስለሆነ ከሂሳቡ ልጀምር።

ከናይሮቢ የፕላስቲክ ሳፋ የሚልኩልኝ አንድ ሽማግሌ ጅምላ ሻጭ አሉ። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። ዋጋ በስልክ እንነጋገራለን፣ ዕቃው ሞያሌ ድረስ ይመጣልኛል፣ እኔ በኤምፔሳ እከፍላለሁ። በመካከላችን ወረቀት ኖሮ አያውቅም። አንድ ቀን 120 ሳፋ አዘዝኩ። ዋጋውን ሲነግሩኝ «ሚያ ሞጃ ና ሲቲኒ» ያሉ መሰለኝ፤ 160 ሽልንግ ማለት ነው። «ሳዋ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዕቃው ሲደርስ 19,200 ላክሁ። እሳቸው ግን ሂሳቡ 22,800 ነው አሉ። ለካ ያሉት «ቲሲኒ» ኖሯል፤ 190።

በአንዱ ሳፋ 30 ሽልንግ፣ በ120ው 3,600 ሽልንግ። እኔ ደግሞ ዕቃው ሳይደርስ በ160 አስልቼ ለቸርቻሪዎች ዋጋ ቆርጬ ነበር። «ዋጋ ለወጡብኝ» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸውም አዘኑ። በመጨረሻ ልዩነቱን እኩል ተካፈልን፤ 1,800 ጨመርኩና ዳግመኛ አልደወልኩላቸውም። በዚያ ብቻ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ለማገኘው ነጋዴ ሁሉ «ሽማግሌው ቃላቸውን በሉ» እያልኩ አወራሁ።

ጥፋቱ የጆሮዬ እንደሆነ ጠርጥሬ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ቤት ውስጥ ልጄ ወሬ ስትነግረኝ «ምን አልሽ?» እላታለሁ። ትደግምልኛለች። አሁንም «እ?» እላለሁ። ሦስተኛው ላይ «ተይው እማዬ፣ ምንም አይደለም» ትለኛለች። ያ «ተይው» እየበዛ ሄደ። ቆይቶ ወሬውን ራሱን መጀመር ተወች። እኔም በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በእቁብ ስብሰባ የማልሰማውን ሁሉ ራሴን እየነቀነቅሁ «እሺ፣ እሺ» ማለት ለመድኩ።

ለምን ደበቅሁት? በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል የማይሰማውንም የማያውቀውንም በአንድ ላይ ይሰድባል። ኮሜርስ ተምሬ ዲፕሎማ ያለኝ፣ ሂሳቤን በራሴ የምይዝ ሴት፣ በዚያ ቃል መጠራት አልፈለግሁም። «ጆሮዋ ከብዷል» ከተባለ ደግሞ ሰው በዋጋ ይጫወትብኛል ብዬ ፈራሁ። መስማቴን ባለመመርመሬ ግን በራሴ ላይ የተጫወትኩት እኔው ነበርኩ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ነው፤ እናንተ እንዳትደግሙት ልናገር። ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ርካሽ የድምፅ ማጉያ ገዛሁ። ጆሮ ላይ ይሰካል፣ መልኩም የመስሚያ መሣሪያ ይመስላል። ሥራው ግን የመጣውን ድምፅ ሁሉ በጅምላ ማጮህ ብቻ ነው። የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ እንደ መዶሻ መታኝ፤ የሰው ንግግር ግን ያው ድፍን ሆኖ ቀረ። በአራተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ለካስ የእግሯን ቁጥር ሳታውቅ ጫማ እንደገዛች ሴት ሆኜ ነው።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ ጆሮዬን በመብራት ተመለከተ። ኩክ ብቻ ዘግቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም መግል፣ ወይም የታምቡር ቀዳዳ፤ እነዚህ መጀመሪያ ይታከማሉ እንጂ መሣሪያ አይሰጥባቸውም። የእኔ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርገውልኝ፣ ጭል የምትል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። በጣም ጸጥ ያለ ጊዜ ነበር፤ ጸጥታው የክፍሉ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ።

ውጤቱ በግራፍ መጣ። ቀይ ክቦቹ የቀኝ ጆሮ ናቸው፣ ሰማያዊ ኤክሶቹ የግራ። ግራፍ ማንበብ ስለማውቅ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። በግራ በኩል፣ ወፍራም ድምፅ ባለበት፣ መስመሩ 20 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ደህና ነው። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድ እንደ መጥፎ ዓመት ሽያጭ ቁልቁል ይወርዳል፤ 4,000 ኸርዝ ላይ 60 ዴሲቤል ደርሷል። ባለሙያዋ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ «እህቴ፣ የአናባቢው ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ትሰሚዋለሽ። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት የሚባሉት ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው፤ እነሱ ያመልጡሻል። ሰው ሲናገር ትሰሚያለሽ፣ ያለውን ግን አትለዪም።»

ሲቲኒና ቲሲኒ ወዲያው ትዝ አሉኝ። ሁለቱም ሦስት ጊዜ «ኢ» አላቸው። ልዩነታቸው የስና የት ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው። እኔ የምሰማው «ኢ-ኢ-ኒ» ነበር፤ የቀረውን የምሞላው በምመኘው ዋጋ ነበር።

ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ሐኪሙ ነገረኝ። እናቴም በጊዜ ጆሮዋ ከብዷታል፤ እኔ ደግሞ ልጅነቴን ያሳለፍኩት የቤተሰባችን ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። የጠፋው መስማት እንደማይመለስ፣ ነገር ግን በመሣሪያ መደገፍ እንደሚቻል አስረዳኝ። አንድ ነገር ግን አጥብቆ አሳሰበኝ፦ የማንም ሰው ጆሮ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ካልሰማ ነገ ዛሬ ሳይል ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ ቶሎ ከተደረሰበት ሊታከም ይችላል።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ የፈለግሁት ጆሮ ውስጥ ገብታ የማትታየውን ትንሿን ነበር። ባለሙያዋ የት እንደምውል ጠየቀችኝ። የሞያሌን ሙቀትና አቧራ፣ የመንገዱን ርዝመት ነገርኳት። ትንሿ በኩክና በላብ ቶሎ ትደፈናለች፣ ባትሪዋም ኢምንት ናት አለችኝ። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠውን መከረችኝ፤ ከእሱ በቀጭን ቱቦ በኩል ድምፁ ወደ ጆሮዬ ልክ ወደተሠራ ላስቲክ ይገባል፤ እነሱ ሞልድ ይሉታል። በሚሞላና ባትሪ በሚቀየርለት መካከልም መምረጥ ነበረብኝ። የሚሞላው ማታ ሰክተውት ያድራል፣ ምቹ ነው። እኔ ግን አውቶቡስ ላይ የማድርና መብራት በሚጠፋበት ቦታ የምከርም ስለሆንኩ ባለ ባትሪውን መረጥኩ።

ነጋዴ ነኝና ከመክፈሌ በፊት እነዚህን ጠየቅሁ፤ እናንተም ጠይቁ። ኃይሉ ለእኔ ግራፍ ይበቃል? በግራፌ መሠረት በኮምፒዩተር የሚያስተካክልልኝ ማን ነው? ከወር በኋላ ተመልሼ ማስተካከያ ባስፈልገኝ ክፍያ አለው? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው፣ ምንን ይሸፍናል? ቱቦውና ማጣሪያው ሲያልቅ መለዋወጫ የት ይገኛል? ሞክሬ ካልተስማማኝ መመለስ ይቻላል? ድንበር ማዶ ርካሽ አይቶ መግዛት ያጓጓል፤ የሚያስተካክልላችሁ ሰው ከሌለ ግን የገዛችሁት ዕቃ ብቻ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቼ ስለተጎዱ ሁለት መግዛት ነበረብኝ። እቁቤ እስኪደርሰኝ አምስት ወር ጠበቅሁ፤ የደረሰኝን ወስጄ ለሱቅ ሳይሆን ለጆሮዬ አዋልኩት።

የመጀመሪያው ቀን ደስ አይልም፣ ልንገራችሁ። የራሴ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆኜ የምናገር መሰለኝ። ነጠላዬ ሲንሿሿ፣ ፌስታል ሲነካ፣ ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ ቤቱ የፈረሰ ያህል ነበር። ለዓመታት ያልሰማውን ጭንቅላቴ እንደ አዲስ መልመድ ነበረበት። የተነገረኝ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት ጥቂት ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ጋር፤ ከዚያ እየጨመሩ ወደ ሙሉ ቀን፤ ገበያና ሠርግ በመጨረሻ። መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ አይለመድም። በሦስተኛው ሳምንት የሚያስቸግረኝን በደብተር ጽፌ ተመለስኩ፤ ባለሙያዋ የሲኒውን ጩኸት ቀነሰችልኝ፣ የሰውን ንግግር ከፍ አደረገችልኝ።

ጤነኛ ጆሮ እንደማይመልስም ዕወቁ። በጩኸት መካከል አሁንም እቸገራለሁ። ስለዚህ ሻይ ቤት ስገባ ጩኸቱን ከጀርባዬ፣ የማነጋግረውን ሰው ከፊቴ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሻሽ ስጠመጥም ማይክሮፎኑን እንዳይሸፍነው አደርጋለሁ። ልጄም ከሌላ ክፍል ሆና መጥራቷን ትታ መጥታ ፊቴ ቆማ ትናገራለች።

አያያዙ እንደ ማንኛውም ውድ ዕቃ ነው። ጠላቶቹ እርጥበት፣ ኩክና ሙቀት ናቸው። ማታ አውልቄ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ባትሪውን አውጥቼ፣ የባትሪውን በር ከፍቼ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከእርጥበት መምጠጫ ጋር አሳድረዋለሁ። ባትሪው አብሮ አያድርም፤ መምጠጫው ያደርቀዋል። ሞልዱን ከመሣሪያው ለይቼ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ጠብታ በመንፊያ አስወጥቼ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ እመልሰዋለሁ። መሣሪያው ራሱ ውኃ አይነካውም። ቱቦው ከወራት በኋላ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፤ ያኔ ይቀየራል። ሲያፏጭ ብዙ ጊዜ ሞልዱ በደንብ አልገባም፣ ወይም ጆሮ ውስጥ ኩክ ሞልቷል ማለት ነው።

ለሴቶች በተለይ፦ ራሳችሁን ቅቤ ስትቀቡ፣ እጣን ወይም ወይባ ስትሞቁ፣ የፀጉር ስፕሬይ ስትረጩ ቀድማችሁ አውልቁት።

የእኔ ባትሪ ብርቱካንማ ምልክት ያለው 13 ቁጥር ነው። በአየር የሚሠራ ስለሆነ ተለጣፊዋ ከተነሳች መዳከም ይጀምራል፤ መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ተለጣፊዋን አንስታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አየር እንዲያገኝ ጠብቁና ክተቱት። አንዱ እኔ ዘንድ ከሳምንት ትንሽ ያልፋል። በጅምላ ልግዛ ስትሉ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በቦርሳ አትያዙት። ከሁሉ በላይ ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡ፤ ከተዋጠ ሕይወት ያጠፋል፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

መሣሪያውን ባደረግሁ በሁለተኛው ወር ናይሮቢ ሄድኩ። ኢስሊ ዕቃዬን ሸክፌ ስጨርስ እግሬ ወደ ሽማግሌው መጋዘን ወሰደኝ። ፀጉሬን ገለጥ አድርጌ መሣሪያውን አሳየኋቸው። «ምዜ፣ ያን ቀን ያሉት ቲሲኒ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸውና ቀሪውን 1,800 በኤምፔሳ ላክሁ። ስልካቸው ጮኸ፤ እኔም ሰማሁት። ገንዘቡን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው የዕለቱን የሳፋ ዋጋ በቁጥር ጽፈው ላኩልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋጋችን በጽሑፍ ነው፤ ለእሳቸውም ለእኔም ይሻላል። «ቃላቸውን በሉ» ላልኳቸው ነጋዴዎች እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ። ገና ያላገኘኋቸው አሉ፤ ይህን የምጽፈው ለእነሱም ጭምር ነው።

ልጄ አሁንም አልፎ አልፎ «ተይው እማዬ» ትላለች። ልዩነቱ አሁን «ተይው»ን ራሱን እሰማዋለሁ። «አልተወውም፣ ድገሚልኝ» እላታለሁ፤ ትደግምልኛለች።