ከድራሙ ጎን የቆምኩት እኔ ነኝ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መጨረሻ የሄዳችሁበት ሰርግ ላይ ባንድ ነበር? ድምጻዊው ትዝ ይላችኋል፤ ምን ለብሶ እንደነበርም ትነግሩኛላችሁ። ሳክስፎን የሚነፋው ከመድረክ ወርዶ በጠረጴዛዎቹ መካከል ሲዞር አይታችሁታል። ከኋላ፣ ከድራሙ ጎን፣ አንገቱ ረጅም ጊታር ይዞ ራሱን ብቻ የሚነቀንቀውን ሰውዬስ? አላስታወሳችሁትም። አልቀየምም። እሱ እኔ ነኝ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ማታ፣ በተለይ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ የሌላ ሰው ዘፈን በሚጫወት የስድስት ሰዎች ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የራሳችን የምንለው አንድም ዘፈን የለንም። የጥላሁንን፣ የማሕሙድን፣ የአስቴርን፣ የቴዲን እንጫወታለን። አንዳንድ ሙዚቀኛ ይህንን ሥራ ይንቀዋል፤ እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አላፈርኩበትም። ሰው የሚወደውን ዘፈን ከነስህተታችን ፊት ለፊቱ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ከመድረክ ሆኜ ስለማየው ይመስለኛል።

ቤዝን የወደድኩት በአባቴ ቴፕ ነው። ካሴቶቹ ከሌላ ካሴት የተቀዱ፣ ያም ከሌላ የተቀዳ ስለነበር ቤዙ ተለይቶ አይሰማም። ስለዚህ መዳፌን ስፒከሩ ላይ አሳርፌ ነበር የምከታተለው። እህቴ «ቴፑ አሞታል፤ ትኩሳቱን እየለካለት ነው» ትል ነበር። መዳፌን ሲነካኝ የኖረው ሰው ጆቫኒ ሪኮ እንደሚባል ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች። ስሙን ባትሰሙትም ጨፍራችሁበታል፤ በካሴት ዘመን ሮሃ ያጀበው ዘፈን ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ቆይቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» አገኘሁ። እዚያ ላይ የሚጫወተው መላከ ገብሬ ነው። እነዚያ ሰዎች ብዙ አይጫወቱም። ያችኑ ትንሽ ነገር ደጋግመው፣ ደጋግመው፣ ሳይቸኩሉ ይጫወቷታል።

ሥራው ይኸው ነው። ድራመሩ በቀኝ እግሩ ትልቁን ከበሮ ሲመታ እኔም በዚያችው ቅጽበት ክሩን እነካለሁ። ሁለታችን ከተገናኘን እናንተ የምትሰሙት አንድ ድምፅ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ እግራችሁ ይነሳል። ካልተገናኘን ደግሞ የሆነ ነገር ይጎረብጣችኋል፤ ምን እንደሆነ አታውቁትም፤ ቁጭ ብላችሁ ስለ ምግቡ ማውራት ትጀምራላችሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ድምጻዊያችን ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ዘፈኖቹን ዝቅ እንድናደርግለት መጠየቅ ጀመረ። «ግማሽ ቀንሱልኝ» ይላል። ሲመሽ ደግሞ ሌላ ግማሽ። አራት ክር ባለው ቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር «ኢ» የሚባለውን ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ በታች የለም። ዘፈኑ ወደ «ኢ ፍላት» ሲወርድ መሬቱ ከእግሬ ሥር ጠፋ ማለት ነው። አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወጥቼ መጫወት እችል ነበር። እኔ ግን መፍትሔው አምስተኛ ክር እንደሆነ ራሴን አሳመንኩ። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የአምስት ክር ጊታሮችን ፎቶ ሳይ እንደማመሽ ባለቤቴ ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈውን ግን አላወቀችም።

የዚያን ጊዜ የዕቁባችን ዕጣ ወጣልን። ገንዘቡ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር። ሦስት ልጆች አሉን። ስለ ማሽኑ ከተነጋገርን ዓመት አልፎን ነበር። እኔ ደግሞ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ነበረኝ። ቤዝ ጊታር ሻንጣ ውስጥ አይገባም ብላችሁ እንዳታስቡ፤ አንገቱን የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቶ ለየብቻ ማሸግ ይቻላል።

ሳሎን ውስጥ ገጣጥሜ ሳሳያት ዝም ብላ አየችው። «ቆንጆ ነው» አለች። ቀጥላም፣

«ስንት ኪሎ ልብስ ያጥባል?» አለችኝ።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ውስጥ ከሳፋው የሚመጣውን ድምፅ እየሰማሁ ለመለማመድ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ወጥቼ ጅንስ ሱሪዎቹን መጭመቅ ጀመርኩ፤ እሷም አልከለከለችኝም፣ አላመሰገነችኝምም።

በአዲሱ ጊታር የተጫወትኩበት የመጀመሪያ ሰርግ ቅጣቴን ጨረሰልኝ። አምስተኛው ክር ሲመታ በሰከንድ ወደ 31 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። አብዛኛው የሰርግ አዳራሽ የሚያቀርበው ስፒከር ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ በወጉ አያወጣም። የሚወጣው ጉርምርምታ ነው፤ እሱም ከጣሪያውና ከግድግዳው ተላትሞ ሲመለስ የድምጻዊውን ቃላት ይውጣቸዋል። የሳውንድ ባለሙያው ሁለት ጊዜ በዓይኑ ለመነኝ። በሦስተኛው ሚክሰሩ ላይ የእኔን ድምፅ ወደ ታች ጎተተው። የአራት ወር ደመወዜን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳይሰማኝ ተጫወትኩ። አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወጥቼ ብጫወት ኖሮ ግን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በነፃ።

ከዚያ ወዲህ ለድምፄ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ዕቃ ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። የድሮዎቹ ቅጂዎች ላይ የቤዙ ድምፅ አጭርና ድቡልቡል ነው፤ ዱም ብሎ ይቆማል። አዲስ ክር ግን ይጮኻል፣ ይንጫጫል፣ ቶሎም አይሞትም። አንድ የቆየ ሙዚቀኛ እንደነገረኝ፣ ከወጥ ቤት ስፖንጅ ቆርጬ ክሮቹ በሚታሰሩበት ጫፍ በኩል ከሥራቸው ወሸቅሁት። ወዲያው የአባቴ ቴፕ ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ግማሹን ስፖንጅ ይዛ ሳሎን ገባችና «ይሄንንም ወሰድከው?» አለችኝ። ከዕቁቡ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

ልጃችሁ ቤዝ ጊታር ግዙልኝ ካላችሁ አራት ክር ይበቃዋል። አንገቱ እጁ ውስጥ የሚገባ ይሁን፤ ረጅም ሰዓት ቆሞ ስለሚጫወት ክብደቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይሞክረው። ደህና ኬብል ግዙለት፤ መድረክ ላይ ሰው የሚያዋርደው ርካሽ ኬብል ነው። የጆሮ መሰኪያ ደግሞ ከሁሉም በፊት። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት፤ ግራ ጆሮዬ ውስጥ፣ በድራሙ በኩል ያለው፣ ሌሊት ሌሊት ቀጭን ፉጨት አለ።

የዘፈን ምርጫ ከዕቃ ምርጫ ይከብዳል። ባንድ ውስጥ የሚጣላ ሰው ካያችሁ ወይ በገንዘብ ነው፣ ወይ በዘፈን ዝርዝር። ሊድ ጊታር የሚጫወተው እጁን የሚያሳይበትን ይፈልጋል፤ ድምጻዊው የሚያስጨበጭብለትን። እኔም ንጹህ አይደለሁም፤ ለቤዙ ብዬ ብቻ ዘፈን አስገብቼ አውቃለሁ። በዚህ መካከል የሚረሳው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

አንድ የጥር ቅዳሜ የሙሽራው አያት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ከወንበራቸው አልተነሱም። የጉራጌውን ተጫውተናል፣ የኦሮሞውን፣ የትግርኛውን፣ የጎጃሙን፤ አዳራሹ በእግሩ ነው። እኛ በራሳችን ረክተናል። ዕረፍት ስንወጣ በከዘራቸው ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። ለምን እኔን እንደመረጡ አላውቅም፤ ምናልባት ከመድረኩ ደረጃ አጠገብ የቆምኩት እኔ ስለነበርኩ ይሆናል።

«ልጄ፣ የወሎን አታውቁትም?» አሉኝ።

«እናውቃለን አባባ፤ አሁን እንጫወታለን» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር። ባቲና አምባሰል ከወሎ ቦታዎች ስማቸውን ያገኙ ቅኝቶች ሆነው ሳለ፣ ዝርዝራችን ላይ አንድም የወሎ ዘፈን አልነበረም። ድምጻዊያችን በአንቺሆዬ የሚዜም አንድ ያስታውሳል፤ ያለ ልምምድ ገባንበት። እዚህ ላይ የእኛን ሙያ ትንሽ ታገሡኝ። ቤዝ ተጫዋች የሚመረኮዘው በሁለት ድምፆች ነው፦ በመነሻውና ከእሱ አምስተኛ በሆነው። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ያ አምስተኛ ድምፅ በቦታው አለ። በአንቺሆዬ ግን የለም፤ ግማሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ጣቴ ደግሞ ከልምድ ብዛት ሳላዘው እዚያው ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ዜማው ላይ ጠጠር እጥላለሁ። ድምጻዊው ዞሮ አየኝ። አያትየው ከእኛ ፊት ቆመው ጥቂት ትከሻቸውን ሞከሩና ተዉት። ሲያልፉ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

የምስጋናው ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስንቀበል የመጀመሪያ ጥያቄያችን ስለ ሙሽሮቹ አይደለም። «አራቱም አያቶች ከየት ናቸው?» እንላለን። በሕይወት ባይኖሩም እንጠይቃለን።

ባለፈው ዓመት ጋሼ የምንለው የባንዳችን መሪ ሻይ ጋበዘኝ። ሻይ ሲጋብዝ ነገር አለ። «የሰው ኪስ ሳስቷል» አለኝ። «ባለሰርጎቹ ዋጋ ቀንሱ ይላሉ። ለአንዳንዱ ሥራ አምስት ሆነን ልንሄድ ነው። ቤዙን ኪቦርዱ በግራ እጁ ይይዘዋል።» አልተናደድኩም ብል እዋሻለሁ፤ ግን አዲስ ነገር አልነገረኝም። ኪቦርድ በገባ ጊዜ ቤዝ ጊታር ከብዙ ካሴቶች ላይ ወጥቷል። በስድስት የሚካፈል ገንዘብ በአምስት ሲካፈል ምን እንደሚሆን ለሒሳብ ሠራተኛ አይነገረውም።

እንዳጋጣሚ እኔ የሌለሁበት የመጀመሪያው ሥራ የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ሆነ። ከባለቤቴ ጋር ተጠርተን፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንዴ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰው ጨፈረ። እንደ ሌላው ጊዜ ጨፈረ። ድራመሩ አልፎ አልፎ ወደ ባዶው ቦታ ዞር እንደሚል፣ ቀዝቀዝ ያሉት ዘፈኖች ላይ ከሥር የሆነ ነገር እንደጎደለ እኔ አየሁ፤ ከእኔ ሌላ ግን ያየ አልነበረም።

«ታዲያ አንተ ባትኖርም ይጨፈራል?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ጆሮዬ ሥር።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ቅዳሜያችንን የምትወስደው?»

በክፋት አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው። ያን ሌሊት መልስ አልሰጠኋትም። ከሳምንት በኋላ ሽንኩርት ስከትፍላት የሆነውን ነገርኳት፦ በሳምንት ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል ሌላ ሰው ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ብቻ እያዳመጥኩ የምውልበት ሌላ ቦታ የለኝም። ቢሮ ውስጥ ማንም ማንንም እንደዚያ አያዳምጥም። ቤት ውስጥም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አላደረግሁትም። እሷ ድስቱን እያማሰለች «እሱን እንኳ አውቀዋለሁ» አለች።

አምስት ክሩን ሸጥኩት። ከተገዛበት ባነሰ ሄደ፤ የጎደለውን ከሰርግ ገንዘቤ ሞልቼ ማሽኑ ገባ። አሁን የቀድሞውን አራት ክር ነው የምጫወተው፤ ከነስፖንጁ። ባንዱም ከሦስት ሥራ ለሁለቱ ይጠራኛል፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ቤት ነኝ።

በመጪው ቅዳሜ ሰርግ አለን። የሙሽራዋ እናት አባት ወሎዬ ናቸው ስለተባለ አንድ አንቺሆዬ ገብቷል። አራት ቀን ሙሉ ጣቴን ከዚያ ከለመደው ቦታ እየመለስኩ ነው። አሁን ይህንን ስጽፍ ማሽኑ ጓሮ ውስጥ ይዞራል፤ ሲያጥብ ምቱ ለልምምድ ይመቻል። መጭመቅ ሲጀምር ግን ይፈጥንብኛል፤ ያን ጊዜ አቁሜ ልብሱን ለማስጣት እወጣለሁ።