ሰሙ ይቅለጥ፥ ወርቁ ይቈይ

አንጥረኛ ሰሙን የሚያቀልጠው ወርቁን ለማስቀረት ነው፤ የቅኔ መምህራችን እንዲህ ያስተምሩን ነበር። እኔም የዛፍን ነገር በዚሁ እመረምረዋለሁ።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ያዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶ ስላለቀ፥ በ1890ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። እንዳይዛወር የረዳው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ተቈርጦም ከጉቶው ያቈጠቍጣልና። ስለዚህ አልነቅፈውም፤ ለምድጃና ለቤት የተሰጠ ሰም ነው።

በምኖርበት በላፍቶ ሆኜ ወደ ምዕራብ የማየው የወጨጫ ተራራ ግን ወርቁን ይዟል፤ በዚያ ያለውን የመናገሻን ጽድ፥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽድ ለመጐልመስ ብዙ ዘመን ይፈልጋል፤ የቈረጠው ሰው ምትኩን አያይም።

እንግዲህ ወንድሞቼ ሆይ፥ ባሕር ዛፉን እንቍረጥ፤ በየአድባራቱ ቅጥር የተረፉትን ጽድ፥ ወይራና ዝግባ ግን እንጠብቅ፤ ዘራቸውንም ከቅጥሩ አውጥተን በተራቈተው ኰረብታ እንዝራ።