የዒድ ቀለም በቤታችን ግድግዳ ላይ



ልጆቻችን የሚያድጉት በዓላት በሚደምቁበት ከተማ ነው። ለእንቁጣጣሽ እኩዮቻቸው የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየደጁ ሲዞሩ፣ ለገና ሱቆች በመብራት ሲያጌጡ ይመለከታሉ። ከዚያም ቤት ገብተው «የኛስ ዒድ በምን ይታወቃል?» ይሉናል። ይህን ጥያቄ በተግሣጽ ዝም ልናሰኘው እንችላለን። ጥያቄው ግን በልጁ ልብ ውስጥ ይቆያል፤ ካደገም በኋላ መልሱን ሌላ ቦታ ይፈልገዋል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የዒድን ደስታ አልከለከሉም። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊዳቸው ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ እሳቸው ተመልክተዋል፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) እስኪበቃት ድረስ እንድታይ አድርገዋል። እነዚያ ተጫዋቾች የኛው አገር ሰዎች መሆናቸውን ለልጆቻችን ነግረናቸው እናውቃለን?

ስለዚህ በዚህ ወር አንድ ሥራ ላሳስባችሁ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወደ ተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። የባሕር ዛፉን አረንጓዴ፣ የተላጠውን ግንድ ግራጫ፣ የመንገዱን ቀይ አፈር፣ የጠዋቱን ነጭ ጉም ልብ ብለው ይዩ። ከዚያም አራቱን ቀለማት መርጠው ቤት ውስጥ በማፍሰስ ለግድግዳ የሚሆን የዒድ ጌጥ ይሥሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት እጅ ነጭ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ ይቀጠንና ከአክሪሊክ ቀለም ጋር፣ እያንዳንዱ ቀለም በየኩባያው፣ ሞቅ እንዳለ ማር እስኪወርድ ድረስ ቀስ ተብሎ ይማሰላል። ቀለማቱ በአንድ ኩባያ ውስጥ ተራ በተራ ይደረባሉ። ከዚያ ኩባያው በሸራ ወይም በኮምፔንሳቶ ላይ ተደፍቶ ይነሣል፤ ሰሌዳውም ወደ አራቱም ማዕዘን ዘንበል ዘንበል ይደረጋል። የቀለማቱ ክብደት አንድ ስላልሆነ ከባዱ ሲሰጥም ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክብ ክቡም መስመሩም የሚፈጠረው እንዲህ ነው። በተስተካከለ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ፤ በክረምት ከዚያም ይዘገያል። ሲደርቅ በላዩ «ዒድ ሙባረክ» ብላችሁ ጻፉ። የቁርኣን አንቀጽ ግን ክብሩ ለማይጠበቅበት ቦታ አትጻፉ።

«ሥዕል አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ኑሮው በሥዕል ለሆነ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል መክረውታል። በዚህ ሥራ ላይ የሰውም የእንስሳም ቅርጽ የለም። ቱርኮች ኤብሩ የሚሉት፣ ቀለምን በውሃ ላይ አንሳፎ ወደ ወረቀት የማስተላለፍ ጥበብ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከታወቁት ባለሙያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1773 ያረፉት የአያ ሶፊያ መስጊድ ኸጢብ መሐመድ ኤፌንዲ ሲሆኑ፣ አንዱ የኤብሩ ዓይነት እስከ ዛሬ በኸጢብነታቸው ይጠራል። በአገራችንም የሐረር እናቶች በእጃቸው በሰፉት ስፌት ግድግዳቸውን ሲያስጌጡ ኖረዋል።

ሆኖም አራት ነገሮችን እንጠብቅ።

አንደኛ፣ ጊዜው። የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ለዒባዳ ናቸው፤ ሥራው ከነሱ በፊት ይለቅ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ። ዘካተል ፊጥር ሳይታሰብ ቀለም አይገዛ። ያለው ትርፍራፊ ጣውላና ከቤት ቅብ የተረፈ የውሃ ቀለም ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ውዱእ። አክሪሊክ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ሽፋን ሆኖ ውሃ ወደ ቆዳና ወደ ጥፍር እንዳይደርስ ያግዳል። ልጆቹ ጓንት ያድርጉ፤ ቀለም የነካቸውም ሳይደርቅ በሳሙና ይታጠቡ፤ ከሶላት በፊትም ጥፍራቸው ይታይ።

አራተኛ፣ ውሃው። የቀበና ወንዝ የሚነሣው ከእንጦጦ ነው። እኛ ከተራራው ሥር ያለን በየቦዩ የምንደፋውን ወንዙ ተቀብሎ ከታች ላሉት ያደርሰዋል። ሰው በሚጠቀምበት ውሃ ላይ ቆሻሻ መጣልን ዲናችን ይከለክላል። የተረፈው ቀለም በኩባያው ይድረቅና ተልጦ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል፤ ኩባያው ከመታጠቡ በፊትም በወረቀት ይጠረግ። የተራራውን ውበት ግድግዳችን ላይ ሰቅለን ወንዙን ብናበላሽ ለልጁ ምን አስተማርነው?

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ። ልጁ ሰሌዳውን ሲያዘነብል እጃችሁን ሰብስቡ። ቀለሙ ካሰበው ወጥቶ ይፈስሳል፤ ያለቅስም ይሆናል። ያን ጊዜ ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ምን ማለት እንደሆነ ንገሩት። መለካት፣ ማማሰል፣ ማፍሰስ የእርሱ ድርሻ ነበር፤ ድርሻውን ተወጥቷል። ከዚያ በኋላ የመጣውን በደስታ መቀበል ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ ትምህርት ነው። ሁለተኛ ሰሌዳ ከተረፈው አባት ለሌለው ጓደኛው ወይም ለጎረቤት ይውሰድ፤ ጎረቤቱ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆንም የጎረቤት ሐቅ አለው።

አላህ (ሱ.ወ) ዒዳችንን የደስታና የምሕረት ያድርግልን። አሚን።