በሣር ሥር የተሰወረች እንቁራሪት

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ስንጓዝ፣ አስኮን እንዳለፍን ቡራዩን እናገኛለን። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ያለችው ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። በአቅራቢያዋም ለአዲስ አበባ ሕዝብ የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት የገፈርሳ ግድብ አለ። በክረምት ወራት እንዲህ ባለው የደጋ ረግረግ ዳር ቆም ያልን እንደ ሆነ ከሣሩ መካከል ድምፅ እንሰማለን፤ ባለ ድምፁን ግን ፈልገን በቀላሉ አናገኝም።

በኢትዮጵያ ደጋ ከሚጮኹት እንቁራሪቶች አንዲቱ ልናውቃት ይገባል። ቡላንዤ የተባለ የለንደን ሙዚየም ሊቅ በ1898 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ግራሚኔዩስ ብሎ ሰየማት፤ ትርጓሜውም «የሣር» ማለት ነው። ርዝመቷ ከአውራ ጣት እምብዛም አያልፍም። ትውልዷ ዛፍ ላይ ከሚኖሩት እንቁራሪቶች ሲሆን፣ እርስዋ ዛፉን ትታ ምድሩን መርጣለች። ዘመዶቿ ቅርንጫፍ የሚይዙበት የጣት ጫፍ መለጠፊያ የላትም፤ ይልቁንም በኋላ እግሯ አፈር ቆፍራ ትሰወራለች። እንቁላሏን የምትጥለው በውሃ አጠገብ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ ልጆቿም ሲፈለፈሉ ወደ ውሃው ይገባሉ።

ለብዙ ዘመን እንደ አንድ ዓይነት ስትቈጠር የኖረችው ይህች እንቁራሪት፣ በቅርብ ዓመታት በተደረገ የዘር ምርመራ የተቀራረቡ የበርካታ ዓይነቶች ወገን መሆኗ ታወቀ። ወገኗም በሙሉ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም።

በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ደግሞ የሆዳቸው ቆዳ እንደ መስተዋት የሆነ፣ ልባቸው ሲመታ የሚታይ እንቁራሪቶች አሉ። በ2015 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ሲተኛ ከቀይ የደም ሕዋሳቱ 90 ከመቶ የሚጠጋውን በጉበቱ ውስጥ ይሸሽጋል፤ ስለዚህ ብርሃን በአካሉ ያልፋል፣ ጠላትም አያየውም። የዚያ መሸሸጊያ የገዛ አካሉ ነው። የእኛይቱ መሸሸጊያ ግን መስኩ ነውና፣ መስኩ ከጠፋ የምትሰወርበት የላትም።

ቤት የሌለው ቤት ይሻልና፣ ከተሞች መስፋታቸው አይቀርም። ነገር ግን ረግረጉ ሁሉ በድንጋይና በአፈር ሲደፈን፣ የቤት እጣቢና የተቃጠለ ዘይት በቦዩ ሲፈስ፣ በቆዳዋ ጭምር የምትተነፍስ ፍጥረት ከሁሉ አስቀድማ ትጎዳለች። እርስዋን የጎዳው ውሃም ቈይቶ ወደ ሰው ማድጋ ይደርሳል።

በኦሪት ዘጸአት በግብፅ ላይ የወረደውን የጓጉንቸር መቅሠፍት በማሰብ ብዙዎቻችን ይህችን ፍጥረት እንጸየፋታለን፤ ልጆቻችንም ድንጋይ ይወረውሩባታል። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ክረምት ልጆቻችንን በመስኩ ዳር አቁመን ድምፅዋን እናስተምራቸው፤ ስሟን ያወቀ ልጅ ድንጋዩን ከእጁ ይጥላልና።