ምጣዱ ሲነዝር፣ ከሰሉ ሲቀላ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና አለ። በክረምት ምሽት የዚህን አገር ብርድ ጋቢ ብቻውን አይመልሰውም። ስለዚህ የቤታችን ኑሮ በሁለት እሳት ዙሪያ ነው፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሌላው የከሰል ማንደጃ። ሁለቱም ይታመማሉ። ምጣዱ ሲታመም ግን ይናገራል፤ ማንደጃው አይናገርም።

እናቴ የምጣድን ጠባይ የምታውቀው በእንጀራው ዓይን ነው። ሊጡ ዞሮ ዓይን ሳያወጣ ከቀረ፣ ምጣዱን ከመውቀሷ በፊት ቀና ብላ አምፑሉን ታያለች። አምፑሉ ከደበዘዘ ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም። (አዲሶቹ ቆጣቢ አምፑሎች ይህን ወሬ አያቀብሉም፤ እሷም በዚህ ታማቸዋለች።) ነገሩ በፊዚክስም ያስኬዳል። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ፣ የቀነሰው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛውን ያጣል። እንዲህ ባለ ምሽት ባለሙያ መጥራት የሰውን ጊዜ መግደል ነው። ሊጡ ተከድኖ ያድራል፤ ትንሽ ይኮመጥጥ ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

አምፑሉ ደህና ሆኖ ምጣዱ ከቀዘቀዘ ግን ነገሩ ከታች ነው። በሸክላው ሥር በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ተዘርግቷል፤ የሚግለው እሱ ነው። ሽቦው በአንድ መስመር የሄደ ከሆነ፣ አንድ ቦታ ሲበጠስ ምጣዱ በሙሉ ይሞታል። በሁለት ከተከፈለ ግን አንዱ ወገን ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል። እዚህ ላይ ነው «ቆይ እኔ ልሞክረው» የሚል ጎረቤት ብቅ የሚለው። ምጣዱን ገልብጦ፣ የተበጠሰውን ሁለት ጫፍ ቋጥሮ፣ ምስጋናውንና ቡናውን ተቀብሎ ይሄዳል። ምጣዱ ይጋግራል፤ ለሳምንት፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት። ቋጠሮው ያለበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ስለሚግል መጀመሪያ እንጀራው እዚያ ላይ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ሽቦው እዚያው ይበጠሳል።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ተራ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህም 16 አምፔር መሆኑ ነው። 16 አምፔር እንዲችል ተብሎ የተሠራ ሶኬት ልክ ጫፉ ላይ ቆመ ማለት ነው። ሶኬቱ ትንሽ ከላላ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ይቀልጣል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግርም የእኛ ሰው ለምን እንደወረደ አይጠይቅም፤ በትልቅ ይቀይረዋል። የድሮው ፊውዝ ባለበት ቤት ደግሞ የተቃጠለው ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ወፍራም መዳብ ይገባል። ከዚያ በኋላ መብራት አይጠፋም፤ የሚጋየው በግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን ምጣዱ ሲነዝር የምንሰጠው ምክር ነው። ሴትዮዋ እጇ በሊጥ እንደራሰ ቆርቆሮውን ስትነካ ይነዝራታል። ቤተሰቡ «ጫማ አድርጊ»፣ «ጣውላ ላይ ቁሚ» ይላታል። የሸክላው ስንጥቅ ሊጥ አሾልኮ ሽቦውንና ቆርቆሮውን አገናኝቷል፣ ወይም የገመዱ ልባስ ቀልጧል፤ ቤቱም የመሬት መስመር የለውም። እንዲህ ያለ ምጣድ ከግድግዳው ተነቅሎ ባለሙያ እስኪመጣ ይቀመጣል እንጂ በላስቲክ ጫማ አይጋገርበትም። ጫማ አድርጊ ባዩ ራሱ ጋግሮ የማያውቅ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

«ልሞክረው» በዚህ አገር ታላቅ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት ማቅለጫ ምድጃ ያሠሩት መድፍ ሠሪ ባልነበሩ ሰዎች ነው። ዋልድማየርና ጓደኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን ነበሩ። አናውቅበትም አሉ፤ ንጉሡ አልሰሟቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እየከሸፈም ተማሩ። በመጨረሻ የተገኘው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ በ1860 ዓ.ም. ግማሽ ዓመት ገደማ በፈጀ ጉዞ ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው ነው። ይህን ታሪክ ለሞካሪ ጎረቤቶቻችን ማበረታቻ አድርገው የሚያነሡ አሉ። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ንጉሡ እነዚያን ባለ እጆች አቅርበው፣ ሸልመው ነበር የያዟቸው፤ አገሬው ደግሞ የራሱን ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እያለ ይሸሽ ነበር። የምንጋግርበትን ሸክላ የሠራችውን ሴት ስም ዛሬም አንጠይቅም። ለምጣድ ጠጋኙ የሚከፈለው ሲበዛብን፣ ለሞካሪው የሚቀዳው ቡና የማይበዛብን ከዚያ የተረፈን ይመስለኛል።

ወደ ማንደጃው ልመለስ። አያቶቻችን «ከሰል ሳይቀላ ቤት አይግባ» ብለው አስተምረውናል። ጭሱ ውጭ ይቀራልና ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የቀላው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አይተውም። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በረንዳ ላይ ቀልቶ የገባ ማንደጃ እንግዲህ ያማረ እንጂ የተገራ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ስለ አራስ ቤት ነው። በእኛ አገር አራስ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ በጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ ማንደጃው አልጋዋ ሥር ይቀርባል። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን በወለደች በሳምንቷ እሷንም አራሿንም አንድ ላይ ራስ ምታት ያዛቸው፤ ማስታወክ ተከተለ። የዓይን ነገር ነው ተባለ፣ ሎሚ ይሽተቱ ተባለ። እናቴ ገብታ ያየችው ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት መታመሙን ነበር። ማንደጃውን ይዛ ወጣች፤ በሩን በረገደችው። አሮጊቶቹ «ልጅቷን ብርድ ልታስጨርሽ ነው» ብለው ጮኹባት። እሷም አራሷን በሁለት ጋቢ ጠቅልላ፣ ትኩስ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ አድርጋ እግሯ ሥር ሰጠቻት፤ ሕፃኑን ታቅፋ መኪና አስጠራች። ሆስፒታል በር ላይ ተረኛው «ምን አመማቸው?» ሲል ራስ ምታት አላለችም፤ «ከሰል ያለበት የተዘጋ ቤት ነበሩ» አለች። ሐኪሙ ወዲያው ኦክስጅን ያዘዘው በዚህ ቃል ነው። ራስ ምታትና ማስታወክ ብቻ ብትል ኖሮ፣ በዚያ ወቅት ወረፋው ሁሉ ራስ ምታትና ማስታወክ ነበር።