የሃምሳ አለቃው ሐምሌ

ሐምሌ ለአምበር ሰው የጤፍ ወር ነው። ማሳው በከብት ይረገጣል፣ ዘር ይበተናል። አስፋልት ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈው የጭነት መኪና በጭቃው ሲያቃስት ያድር ነበር። አጎቴ ግን ሐምሌን የሚያሳልፉት ፈረንሳይ አገር ነው። እጃቸው ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ጎማ ይለጥፋል፤ ጆሯቸው ቱር ደ ፍራንስ ላይ ነው። ሃያ አንድ ቀን ግልቢያ፣ ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ። በከተማው ይህን የሚከታተል ሌላ ሰው አልነበረም። እኔም የገባሁበት የራዲዮኑን አንቴና ያዥ ስለነበርኩ ነው።

ከተማው «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል፣ እኔ «ጋሼ»። አስመራ ውስጥ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ጸሐፊ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። ግንቦት 16 ቀን 1983 ሻዕቢያ አስመራ ሲገባ እንደ ብዙው ጓዳቸው በእግር ወደ ከሰላ ሄዱ፣ ጠመንጃቸውን ለሱዳኖች አስረከቡ፣ ከወራት በኋላ አምበር ደረሱ። እናቴ ልብሳቸውን ልታጥብ ኪሳቸውን ስትፈትሽ ያገኘችው አንድ የብስክሌት መፍቻ ብቻ ነበር። ከዚያ ሁሉ በረሃ ይህን ለምን ተሸክመው እንደመጡ ስትጠይቃቸው «ሌላው ሁሉ የመንግሥት ነበር፤ የኔ ይሄ ነው» አሏት።

በዚያ መፍቻ ኑሮ ጀመሩ። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት አያልቅባትም፤ ከዚያ ሦስት አሮጌ ፊኒክስ በጭነት መኪና አስመጥተው ዋናው መንገድ ዳር ማከራየት ያዙ። አንድ ጂሮ በስሙኒ። ጂሮው ከሱቁ ተነስቶ ገበያውን ዞሮ መመለስ ሲሆን፣ ቸርኬ ያጣመመ ልጅ ቅዳሜውን በፖምፓ ጎማ ሲነፋ ይውላል። ፍሬን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ፖምፓ፣ ጎሚስታ፣ ጂሮ፤ ቃሎቹ ሁሉ ጣልያን ጥሏቸው የሄደ ናቸው። ጣልያኖች ዋናውን ውድድራቸውን «ጂሮ» እንደሚሉት ከጋሼ ስሰማ፣ እኛ በስሙኒ የምንዞረው ገበያ እንዴት እንደኮራብኝ!

ብስክሌት ለጋሼ አስመራ ማለት ነበር። እሑድ ጠዋት ኮምቢሽታቶ ላይ የውድድር መንጋ ሲያልፍ፣ ከባንኮኒ ማኪያቶ ይዘው የወጡ ሽማግሌዎች የጋላቢውን ስም ሲጠሩ፣ መትረየስ ከሩቅ ቢሰማም ማንም ዞር ሳይል። ስፖርቱን ያመጡት ጣልያኖች መጀመሪያ ላይ ኤርትራዊውን ከጎናቸው አያሰልፉም ነበር፤ የኤርትራ ጂሮ የተጀመረው በ1938 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያም በ1949 ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ላከች፤ ገረመው ደንቦባ እዚያም በ1952 ሮም ላይም ጋልቧል። እስከ ሙኒክ ድረስ ለሰንደቁ የጋለቡት አብዛኞቹ የአስመራ ልጆች ነበሩ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከ1985 በኋላ «የኛ ልጆች» ማለት በየትኛውም ወገን የሚያስጠይቅ ሆኖ ነበርና።

ጽሕፈት ቤት የለመደ ሰው መዝገብ አይተውም። ክብ ማኅተሙ ቢቀርም ጋሼ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው «የዕለት ሁኔታ» ብለው ጻፉበት። በግራው ገጽ ውድድሩ፣ በቀኙ አገሩ። ዜናው የሚመጣው በአጭር ሞገድ ነው፤ ማታ ዶቼ ቬሌና የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ፣ ለስፖርቱ ቢቢሲ በእንግሊዝኛ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አስተርጓሚነቱ ለኔ ተላለፈ። ባትሪ ድንጋዩ ሲዳከም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ በሐምሌ ፀሐይ ከየት ይመጣል፣ ምጣድ አጠገብ እናስቀምጠዋለን። ያሸናፊው ስም ሊጠራ ሲል ሞገዱ ይንሿሿና ይጠፋል። ማን እንዳሸነፈ በሦስተኛው ቀን የሰማንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጋሼ ይህ አያናድዳቸውም። «ዘግይቶም ቢሆን ያው ሰው ነው ያሸነፈው» ይላሉ።

የመጀመሪያው ደብተር ጥሩው ዘመን ይመስለኛል፤ ምናልባት ልጅ ስለነበርኩ ነው። በ1989 በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ውስጥ ወንበር የነበረው ሁሉ «ቢሮክራሲ» ተባለ። አባቴ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር። ስሙ በስብሰባው ሲነበብ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ከአራት ጥማድ በላይ አይገባውም ተባለና ቀሪው ሄደ። ጋሼ ሹመት ስላልነበራቸው ተረፉ፤ መትረፋቸው ግን አባቴን ቀና ብለው እንዳያዩት አደረጋቸው። በዚያ ሐምሌ የተጻፈው ገጽ አሁንም አለ። በግራ፦ «ያን ኡልሪሽ፣ ጀርመን፣ 23 ዓመቱ፣ አንደኛ።» በቀኝ፦ «ወንድሜ አራት ጥማድ ቀረለት። ዘራ።»

ሱቁ የወሬ ቤት ነበር። ቄሰ ገበዙ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ይላሉ፣ ውድድሩም ቀስ እያለ ይስባቸዋል። አንድ ቀን ተበሳጩ። «ዛሬ ያሸነፈው ቢጫ አልለበሰም፤ ቢጫ የለበሰው አላሸነፈም። ታዲያ መሪው ማን ነው?» ጋሼ መፍቻቸውን አስቀምጠው የየዕለቱ ሰዓት እንደሚደመር፣ ያንዱ ቀን አሸናፊ ሌላ፣ ባጠቃላይ ድምር የሚመራው ሌላ ሊሆን እንደሚችል፣ ለዚህኛው ደግሞ ውሃ የሚያመላልሱና ነፋስ የሚከላከሉ ስምንት ባልንጀሮች እንዳሉት አስረዱ። ቄሰ ገበዙ ጥቂት አሰቡና «ገባኝ፣ እንደ ነጋሶና እንደ መለስ» አሉ። ጋሼ በሩን አዩ። ከዚያ ቀን በኋላ በሱቁ ፖለቲካ የሚወራው በብስክሌት ቋንቋ ሆነ። ከመንጋው የተነጠለ፣ ነፋስ የሚከላከል፣ ፍሬን የለቀቀ፤ ማን ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሰሚ ቢመጣ ግን የምናወራው ስለ ፈረንሳይ ነው።

ጋሼ የሚወዱት ታሪክ የጂኖ ባርታሊ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 1940 የጣልያን ኮሚኒስቶች መሪ ቶሊያቲ በጥይት ተመታ፤ አገሪቱ ለእርስ በርስ ጦርነት አንድ ሐሙስ ቀራት። ባርታሊ ፈረንሳይ፣ ቱሩ ላይ ነበር። ጋልቦ አሸነፈ፣ ቱሩንም ወሰደ፣ ጣልያኖችም ጠባቸውን ትተው አደባባይ ተቃቀፉ። ይህን የነገራቸው አንድ የአስመራ አሮጌ መካኒክ ነው። እኔ ቆይቼ ሳነብ ነገሩ የተጋነነ እንደሆነ፣ ቶሊያቲ ራሱ ከሆስፒታል አልጋው ተረጋጉ እንዳለ ተረዳሁ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ብስክሌት አገር ሊያስታርቅ ይችላል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አምበር ውስጥ ቢኖር ማንን ይጎዳል?

1990 ግን ያንን እምነት ፈተነው። ባድመ ላይ የተጀመረው ግጭት በግንቦት መጨረሻ አውሮፕላን ደረሰ፤ በአንዲት ቀን አስመራ አውሮፕላን ማረፊያና መቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤት ተደበደቡ። ሐምሌ ላይ ቱሩ ሲጀመር የፌስቲና ቡድን ወጌሻ በመኪና ሙሉ አበረታች መድኃኒት የፈረንሳይ ድንበር ላይ ተያዘ። ቡድኑ ተባረረ፤ ፖሊስ ሆቴል ለሆቴል ፈተሸ፤ ጋላቢዎቹ ተቆጥተው አስፋልት ላይ ተቀመጡ። «እዚያም ኬላ አለ ለካ» አሉ ጋሼ። በዚያ ዓመት ጂሮውንም ቱሩንም ያሸነፈው ማርኮ ፓንታኒ ነበር፤ ራሰ በራ፣ ትንሽ፣ ተራራ ሲያይ የሚያብድ። እንደዚያ ዓመት ግን ጋሼን ሳይደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። ደብረ ማርቆስ መለዋወጫ ይሸጥላቸው የነበረው ሰው ትውልዱ ኤርትራ ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ወደ ድንበር ተላከ። ማታ ራዲዮኑን ከፍተው የኤርትራውን ድምፂ ሓፋሽ በትግርኛ ሲያዳምጡ እናቴ እጃቸውን ያዘች፦ «ጋሼ፣ ጎረቤት ይሰማል።» ድምፁን ቀነሱት እንጂ አልዘጉትም። ቀኝ ገጽ ላይ የጻፉት «ካቴና የምገዛበት ሱቅ ተዘጋ» ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓመታቱ ይሮጣሉ። በ1997 ምርጫው ተደርጎ ውጤቱ ሲጎተት፣ ላንስ አርምስትሮንግ ሰባተኛውን ቱር አሸነፈ፤ እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ በሰኔ ከመርካቶ የመጣውን የጥይት ወሬ በስልክ ነገርኳቸው፣ በሐምሌ እሳቸው የቱሩን ነገሩኝ። ነሐሴ 2004 ላይ ገጹ ጠባቸው። በ10 አቡነ ጳውሎስ አረፉ፤ በ15 የአቶ መለስ ሞት ተነገረ፤ በ18 የአርምስትሮንግ ሰባቱም ድል በመድኃኒት ምክንያት ተሰረዘ። ደወልኩላቸው። «የሰባት ዓመት ገጽ ልሰርዝ?» አሉኝ። አልሰረዙም። «የጻፍኩት ሰማሁ ብዬ ነው፤ መስማቴ እውነት ነው።» እኔ በጋዜጣ ሥራ ስኖር ከዚህ የተሻለ የሙያ ትምህርት አላገኘሁም።

ሐምሌ 2 ቀን 2007 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት የተራራ ንጉሡን ባለ ነጠብጣብ ማልያ ለበሰ፤ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ነበር። ጋሼ በማግሥቱ ሲደውሉልኝ የሚናገሩት ጠፍቷቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ ቱሩን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጋሼ ያኔ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ውድድሩን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ደብረ ማርቆስ አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ወሰድኳቸው። ሐምሌ የእንግሊዝ ሊግ ስለሌለ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ባለቤቱ በሁለት ቢራ ሂሳብ ስክሪኑን ለቀቀልን። ጋሼ ቆመው ነው ያዩት። በወይን ማሳና በቤተ ክርስቲያን መካከል የሚፈስሰውን መንጋ ሲያዩ «ድምፅ የለውም እንዴ?» አሉ። የጠበቁት የካቴናውን ድምፅ ነበር፤ ቴሌቪዥን የሚያሰማው ሄሊኮፕተር ነው።

በጎናችን ሁለት ወጣቶች ስለ ጎንደር ያወራሉ። ሐምሌ 5 ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ ሲሞከር ተኩስ ከተከፈተ ቀናት አልፈዋል። አንዱ ወደ ስክሪኑ ዞሮ «የትኛው ነው የኛ?» አለ። ጋሼ ስሙን ነገሩት። ልጁ ስሙን ሰምቶ ፊቱን መለሰ፤ «ታዲያ የኛ ነው?» አለ። ጋሼ መልስ አልሰጡትም። ደብተሩ ላይ ግን የፅጋቡን ስም ከፊቱ ካለው ሁሉ ጎላ አድርገው ጻፉ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩ። ነሐሴ 1 ባሕር ዳር ደም ፈሰሰ። ነሐሴ 15 ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ እጁን አጣምሮ ገባ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ጋሼ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፉትን ገጽ ገልጠው ቀኑ አንድ መሆኑን አሳዩኝ። አስመራ ልሂድ ብለው ጫማ ገዙ፤ ጉልበታቸው አልፈቀደም። በመጋቢት 2011 ግን አስመራ ወደ እሳቸው መጣች፤ የአፍሪካ የብስክሌት ሻምፒዮና ባሕር ዳር ተደረገ። ያን ጫማ አድርገው ሄዱ። ከኤርትራ ቡድን ጋር የመጣ አንድ ወጣት ጎማ ሲፈትሽ አገኙና በትግርኛ አናገሩት። «ኣቦይ» ብሎ ጠራቸው። ስለ ኮምቢሽታቶ ጠየቁት፤ ልጁ ሳቀ፣ እንደዚያ የሚሉት አያቱ ናቸው። ከኪሳቸው መፍቻውን አውጥተው አሳዩት። ገልበጥ አድርጎ አየና የትኛው ሱቅ እንደተሸጠ በግምት ነገራቸው። ጋሼ ግምቱ ልክ ነው አሉኝ፤ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሦስት ወር እንዳለፈ፣ ሰኔ 15፣ በዚያችው ባሕር ዳር የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ተገደሉ። የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ከዚያ ሳምንት ወዲህ ይመስለኛል፤ ጽሕፈቱ ያሳብቃል። በ2012 ጥቅምት አረፉ። ትግራይ ላይ ጦርነት የተጀመረው ልክ በዓመቱ ነው። ፅጋቡ መቀሌ ያሉ ቤተሰቦቹን በስልክ ማግኘት አቅቶት አውሮፓ ሲጋልብ አልሰሙም፤ ቀጥሎ ሌላ ጦርነት ጎጃም ሲገባም አላዩም። ተመስገን ልል ይቃጣኛል።

ሱቁን የአክስቴ ልጅ ይዞታል፤ አሁን የባጃጅ ጎማ ይለጠፍበታል። ሦስተኛው ደብተር እኔ ጋ ነው፣ አብዛኛው ባዶ። ሰኔ 24 ቀን 2016 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ቱሪኖ ላይ፣ ጣልያን ምድር፣ የቱሩን ሦስተኛ ቀን አሸነፈ፤ አንድም ጥቁር አፍሪካዊ ከዚያ በፊት አላደረገውም። አዲስ አበባ ሆኜ በስልኬ አየሁት፣ ወዲያው፣ በዚያችው ሴኮንድ። ቪዲዮውን ለሱቁ ልጅ ልኬ መድረሱን ብጠብቅ አንዲቷ ምልክት ሁለት አልሆን አለች። የጋሼን ደብተር አወጣሁ። በግራ ስሙን ጻፍኩ። በቀኝ «አምበር ዳታ የለም» ብዬ ጻፍኩ።